የአስተርጓሚዋ ዝምታ

ሮቤ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከሃያ ዓመት በላይ አስተርጓሚ ሆኜ አገልግያለሁ። ሰባኪው በአማርኛ ሲናገር እኔ በኦሮምኛ፣ በኦሮምኛ ሲናገር እኔ በአማርኛ፤ ከጎኑ ቆሜ አንድ አረፍተ ነገር እሱ፣ አንድ አረፍተ ነገር እኔ። በእኛ ከተማ ሁለቱንም ቋንቋ የማይሰማ ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ቃሉን ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ ቢሰማ ይሻለዋል ተብሎ ነገሩ እንዲሁ ቀጥሏል። አስተርጓሚን ልብ ብሎ የሚያያት የለም። ስብከቱ ካማረ ሰባኪው ይመሰገናል፤ ካልገባቸው አስተርጓሚዋ አበላሽታዋለች ይባላል።

አስተርጓሚ ሰባኪውን ልታሳምረውም ልታዋርደውም ትችላለች። እኔ የተንዛዛውን አሳጥራለሁ፣ ሁለቴ የተባለውን አንዴ እላለሁ፣ ሳይጨረስ የቀረውን እጨርሳለሁ። ሰባኪው መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋበትም የማዳኛ ዘዴ አለን። መጀመሪያ የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ረዘም አድርጌ እደግመዋለሁ። ያ ካልበቃ ወደ ሕዝቡ ዞሬ «ጌታ ይባረክ በሉ!» እላለሁ። ሕዝቡ ሲመልስ ሰውየው ትንፋሽ ያገኛል፤ ከትንፋሹ ጋር የጠፋው ነገር ይመለስለታል። ስንቱን ወንድ እንዲህ አድርጌ በክብር ከመድረክ አውርጃለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ማስታወሻውን ማደሪያው ረስቶት መጥቶ ሦስት ጊዜ ሕዝቡን «ጌታ ይባረክ» አስብዬለታለሁ። ምሳ ላይ ስለ ስብከቱ ሲመሰገን ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየም።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አንቺ ስበኪ ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ለሠራሁት ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ከነገሩ ውስጥ ስላለበት ነው።

ጡረታ የወጣሁት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ነው። ጎባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ታይፕ ተምሬያለሁ። ያስተማረችን ሴት እጃችንን በጨርቅ ትሸፍነው ነበር፤ ፊደሉን ለማየት ጨርቁን የገለጠች ልጅ ጣቷን በማስመሪያ ጠርዝ ትመታለች። በሦስተኛው ወር ማናችንም ወደ ታች አናይም ነበር። ሰው የሚማረው እንዲህ ነው ብዬ የያዝኩት ያን ጊዜ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆነው መጋቢያችን ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እናታችን፣ ጆሮዎን ፈልጌ ነው» አለኝ።

«ጆሮዬን ምን ልታደርገው?»

«ወደ ገጠር የምንልካቸው አገልጋዮች ልብ አላቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሰው ያዛጋል። እርስዎ ስንቱን ሰባኪ ሰምተዋል፤ ያስተምሩልን።»

«መስበክ አላውቅም።»

«መስበክማ አላልኩም» አለ፣ ትንሽ ደንገጥ ብሎ። «መናገር ነው ያልኩት።»

ልዩነቱ ገባኝ። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው አዳራሽ ዘጠኝ ሰዎች ማስተማር ጀመርኩ። እያንዳንዱ ተነሥቶ አሥር ደቂቃ ይናገራል። ሲጨርስ አይቀመጥም፤ እዚያው እንደ ቆመ የተቀሩት በየተራ ያዩበትን ጉድለት ይነግሩታል። ምስጋና አይፈቀድም። ተናጋሪው መልስ አይሰጥም፤ ሁሉም ከጨረሱ በኋላ «ገለቶማ» ብቻ ብሎ፣ ማለትም አመስግኖ፣ ይቀመጣል። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሙን መስታወት ብዬ አወጣሁለት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ቀረ፣ በሦስተኛው ሌላ ቀረ። የዘለቁት ሰባት ጠነከሩ፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ከሰባቱ አንዷ ከገሰራ መጥታ ሮቤ የተቀመጠች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እህቷ ሃረና ጫካ ውስጥ ካሉት መንደሮች ባንዱ አግብታ ትኖራለች። እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ጊዜ የጎረቤት ሕፃን ሞተ። በዚያ መንደር ያሉት ክርስቲያኖች ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ አገልጋይ የላቸውም። በቀብሩ ላይ ቃል የሚናገር ሲጠፋ እሷ ተነሥታ ስለ አጋር ተናገረች፤ ልጇን ይዛ በረሃ ስለ ተንከራተተችው፣ ውኃ ሲያልቅባት ልጁን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ስለ ተቀመጠችው ሴት። ልጁ ከታመመ ጀምሮ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰችው እናቱ የበላችው ያን ቃል ከሰማች በኋላ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰዎች በየመኪናው መልእክት ይልኩ ነበር፤ ያቺን ሴት ስጡን እያሉ።

ሽማግሌዎቻችን ግን ደንብ አላቸው። የሚላክ ሰው ሥልጠና መጨረስ አለበት፣ ከዚያም እሁድ በጉባኤው ፊት ተናግሮ ማለፍ አለበት። የሚላከውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ እኔ መጣች።

«እዚህ ስጨርስ እነሱ ጋ ነው የምሄደው» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «ቤት ይሠሩልኛል። ቦታውን አሳይተውኛል፤ ከምንጩ በላይ ነው።»

«መጀመሪያ ጨርሺ» አልኳት።

ችግሯ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ታየ። በየአረፍተ ነገሩ መካከል «ጎፍታን ሃ ኤቢፈሙ» ትላለች፤ ጌታ ይባረክ ማለት ነው። ዓይኗን ትጨፍናለች። የነጠላዋን ጫፍ ታሻለች። ድምፅዋ ከአዳራሹ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል።

መስታወቱ ሲጀመር አንዱ «ዓይንሽን ስትጨፍኚ የተኛሽ ትመስያለሽ» አላት። ሌላዋ «ነጠላሽን ተይው፣ አልቆሸሸም» አለቻት። ከሁሉም ደህና ተናጋሪ የነበረው ወጣት፣ የትልልቅ ከተማ ሰባኪዎችን በስልኩ እያየ እጁን እንዴት እንደሚያነሣ ሳይቀር ያጠና ልጅ፣ እግሩን አነባብሮ «ድምፅሽ የገበያ ነው» አላት። «ስትሰብኪ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጪ ነው የሚመስለው።»

«እሸጣለሁ እኮ!» አለች።

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«መልስ የለም» አልኳት።

«ገለቶማ» ብላ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ የድልህ ጣሳና አንድ እፍኝ ደረቅ ባቄላ ይዤ ሄድኩ። ጌታ ይባረክ ባለች ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳው ውስጥ እጥላለሁ አልኳቸው። ቁጣ አልነበረብኝም። ማስመሪያው እኔን እንደጠቀመኝ ጣሳው እሷን ይጠቅማታል ብዬ ነበር።

ጀመረች። ጠቅ። ቀጠለች። ጠቅ። ባቄላ ባዶ ጣሳ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ከሚታሰበው በላይ ነው። በአምስተኛው ላይ ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው መንፈቅፈቅ ጀመሩ። በአሥረኛው ላይ ዓይኗን ገልጣ እጄን አየች። ስትጨርስ ባቄላውን ከፊቷ ዘርግፌ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ነበር።

«ለንፍሮ ይበቃል!» አለ ወጣቱ።

«የማን ልቅሶ ነው?» አለች ሌላዋ።

ሳቁ ሲበርድ «ገለቶማ» አለች። ያን ቀን አልሳቀችም።

በየሳምንቱ ባቄላው ቀነሰ። አሥራ አንድ ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ አራት ሆነ። እኔ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዘዴው ይሠራል። አሥሩ ደቂቃም አብሮ እየቀነሰ ስምንት፣ ከዚያም ስድስት መሆኑን በሰዓቴ አይቻለሁ። ሐሳብ መሰብሰብ ተማረች ብዬ ተረጎምኩት። ዓይኗንም አትጨፍንም። ሰውንም ግን አታይም፤ የምታየው እጄን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ወንበር ስትደራርብ ቆየች። ወንበሩን ደርድራ ስትጨርስ ጠጋ አለችኝ።

«እትዬ፣ ያቺን ቃል አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ቢፈቅዱልኝ።»

«ለምን?»

«እሷን ስል ነው የሚቀጥለው የሚመጣልኝ።»

«የሚቀጥለውን ቤትሽ አዘጋጅተሽ ነይ።»

«አዘጋጅቼ ነው የምመጣው። በቃሌ ነው የምይዘው። ግን እዚህ ስቆም…» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የሚሆን ቃል ፈለገች። አላገኘችም።

«አየሽ» አልኳት። «ሰው ፊት እንዲህ ከሆንሽ ማን ይሰማሻል?»

እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መስታወት አልነበረም። እሷ ግን «ገለቶማ» አለችና ወጣች።

በመጨረሻው ቅዳሜ አንድም ባቄላ ጣሳው ውስጥ አልወደቀም። የተናገረችው አራት ደቂቃ ተኩል ነው። ጣሳውን ገልብጬ ባዶነቱን ለሁሉም አሳየሁ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም።

መጋቢው ከሰባቱ ሁለቱን ለእሁድ መረጠ፤ ወጣቱንና እሷን።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከወላጆቹ ጋር ጎባ የሚኖረው ወጣት ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ መጥቷል። እሱ በአማርኛ ተናገረ፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ በኦሮምኛ። ጥሩ ተናገረ። ወደ ሁለተኛው ነጥቡ ሲሻገር ግን ነጥቡ ጠፋበት። አንገቱ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። የመጨረሻውን አረፍተ ነገሩን ወስጄ አርዝሜ፣ አንድ ምሳሌ ከራሴ ጨምሬ ተናገርኩ። አሁንም እንዳልመጣለት ሳይ ወደ ሕዝቡ ዞሬ «ጌታ ይባረክ በሉ!» አልኩ። ሕዝቡ መለሰ፤ ልጁም ነጥቡን አገኘ። ከጉባኤው አንድም ሰው አላወቀም።

ከዚያ እሷ ወጣች። ነጠላዋን አጥባ ተኩሳዋለች። በኦሮምኛ ስለምትናገር ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ማይኩ አንድ ነው፤ በመካከላችን በማቆሚያው ላይ ቆሟል። የመረጠችው ስለ አጋር ነው።

አጋር ከቤት ተባረረች አለች። መለስኩት። እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ሰጧት አለች። መለስኩት። ውኃው አለቀ፣ ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጣለችው አለች። መለስኩት። ሦስት አረፍተ ነገር፣ ሦስቱም አጫጭርና የጠሩ፤ እንዳስተማርኳት።

ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልመጣም። ወደ እጄ አየች። እጄ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ዝምታው ምን ያህል እንደቆየ አልለካሁትም። ውጪ ባጃጅ አለፈ። ከኋላ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ይዛው ወጣች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አጋር ልጇን ጥላ ራቅ ብላ ተቀመጠች፣ እግዚአብሔር ግን የልጁን ድምፅ ሰማ ብል በቂ ነበር፤ ታሪኩን ማን አያውቀውም? ጌታ ይባረክ በሉ ብልማ ሕዝቡ ራሱ የወሰድኩባትን ቃል ይመልስላት ነበር። አላልኩም።

ለራሴ ያልኩት፣ ይህ ፈተና ነው፣ ብረዳት ማጭበርበር ይሆናል የሚል ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት ለወጣቱ ያደረግሁትን ግን አልረሳሁትም። ስለዚህ ምክንያቱ ያ አልነበረም። እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን እንዳለ ልጻፈው። ይህ ሁሉ ሰው እሷ አፏን እስክትከፍት እየጠበቀ ነው፤ እኔን እንዲህ የጠበቀኝ የለም ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ በኦሮምኛ «ይቅርታ፣ ጠፋብኝ» አለችኝ።

እኔም ወደ ማይኩ ዞሬ በአማርኛ፣ ድምፄን አስተካክዬ፣ «ይቅርታ፣ ጠፋብኝ» አልኩ።

ሕዝቡ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሲጨናነቅ ቆይቶ ያመለጠው ሳቅ ነው። አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ መዝሙር አነሣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። እሷ ከመድረኩ ስትወርድ የመጨረሻዋን ደረጃ ሳታ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ራሷ ተነሣች።

ሽማግሌዎቹ ለመወሰን ጊዜ አልወሰደባቸውም። መጋቢው እኔንም ጠየቀኝ። «አልደረሰችም» አልኩት። ወጣቱ ተላከ።

ወጣቱ ሃረና የቆየው ሦስት ወር ነው። ሲመለስ ጫማውን እያሳየ ስለ ጭቃው ብዙ አወራ። «ሰዎቹ አይሰሙም» አለ። «ተናግሬ ስጨርስ የሚጠይቁኝ ስለ እሷ ነው።» ከዚያ ወደ አዳማ ሄደ፤ እዚያ ደህና አገልጋይ ሆኗል ይባላል።

መጋቢው ገበያ ድረስ ሄዶ ለመናት። አልችልም አለችው። ከዚያች እሁድ በፊት በሴቶች ጸሎት ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየመጣች ትቀመጣለች፣ አሜን ሲባል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣትም። አንዷ በቀልድ «ምላስሽን ለሽንኩርት ገዢ ሸጥሽው እንዴ?» ስትላት ሰምቻለሁ። ፈገግ ብላ አለፈቻት።

ያን ጊዜ መጋቢው ወደ እኔ መጣ።

«እናታችን፣ ሰዎቹ ተስፋ እየቆረጡ ነው። አንድ እሁድ እንኳ ሄደው ቢያገለግሏቸው።»

«መስበክ አላልኩም ብለኸኝ አልነበር?»

አንገቱን ደፋ። «አሁን ግድ ሆነ።»

ዕድሉ የመጣው በግድ ነው፤ ቢሆንም ሳይጨርስ እሺ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ጽፌ፣ ሰርዤ፣ እንደገና ጽፌ፣ ግድግዳውን እያየሁ በሰዓት ተለማመድኩ። ልብስ አሰፋሁ።

ከጎባ በጠዋት በመኪና ተነሥተን የሳነቴን ሜዳ አቋርጠን ወደ ሃረና ወረድን። ሜዳው ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሾፌራችን ሙስሊም ነው፤ ለምን እንደምሄድ ጠይቆኝ ስነግረው «ያቺን ሽንኩርት ሻጭ አይደለም እንዴ የሚፈልጉት?» አለኝ። «መልእክታቸውን ስንት ጊዜ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሰልችቶኛል።»

የተሰበሰቡት አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ሠላሳ ሰው ይሆናሉ፤ ልጆቹን ጨምሮ። አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ በኦሮምኛ እኔው ራሴ ተናገርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን አረፍተ ነገር ጀምሬ የራሴን አረፍተ ነገር ጨረስኩ። አንድም የባከነ ቃል አልነበረም። ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በተባለው ደቂቃ ጀምሬ በተባለው ደቂቃ ጨረስኩ። ሰዎቹ በጨዋነት ሰሙኝ። አንድ ሽማግሌ ሲያዛጋ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ስጨርስ አንዲት አሮጊት ከፊት ተነሥታ እጄን ሳመችኝ።

«ገለቶማ አዴ» አለችኝ፤ እናታችን ማለቷ ነው። «ደክመው መጡልን። ያቺስ? መቼ ነው የምትመጣው?»

ሁሉም ቀና አሉ። በዚያ ቤት ከጠዋት ጀምሮ እንዲያ ዓይን በዓይን ያዩኝ ያን ጊዜ ነው።

«አመማት» አልኩ።

«ምኗን?»

«ጉሮሮዋን።»

ሳላስበው ነው የወጣው። አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ተነሡ። የሞተባት እናት፣ የአጋርን ነገር በቀብር የሰማችው ማለት ነው፣ ጮክ ብላ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ስለ ጉሮሮዋ ጸለዩ። ድምፅዋን መልስልን አሉ። ስሟን እየጠሩ፣ በየመካከሉ ጌታ ይባረክ እያሉ፣ ረጅም ጊዜ ጸለዩ። መሬቱ ላይ የተንበረከኩም ነበሩ። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ነበር፤ ሲጨርሱ አሜን ማለት ነበረብኝና አሜን አልኩ።

ስንነሣ ለበሽተኛዋ ብለው ማር ሰጡኝ። ለጉሮሮ ጥሩ ነው አሉ። በፕላስቲክ ባልዲ ሞልተው፣ ክዳኑን በገመድ አስረው መኪናው ላይ የጫኑልኝ ራሳቸው ናቸው።

ሦስት ቀን ቤቴ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ይዤላት ሄድኩ። ነጭ ሽንኩርት ከረጢት ላይ ዘርግታ ገለባውን ታራግፋለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«ማር ነው። ከሃረና።»

«እህቴ ናት?»

«ሁሉም ናቸው። ታማለች ብያቸው ነው።»

እጇን አራገፈች። «ምኗን?» አለችኝ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምትጠይቅ።

«ጉሮሮዋን።»

አጠገቧ ድንች የምትሸጠው ሴት ሰምታ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ጉሮሮሽን ታመሽ ነው? ታዲያ ጠዋት ከተሸካሚው ጋር ስትጨቃጨቂ ገበያውን ያናወጥሽው በማን ጉሮሮ ነው?»

እሷ አልሳቀችም።

«ጸለዩ?» አለችኝ።

«ጸለዩ።»

«የሕፃኑ እናትም?»

«እሷ ናት የጀመረችው።»

«እርስዎስ?»

«አሜን አልኩ።»

የማሩን ገመድ ፈታች፣ ክዳኑን ከፍታ አየችው፣ መልሳ ከደነችው።

«ማሩን እወስዳለሁ» አለች። «ለፍተውበታል። እርስዎ ግን ተመልሰው ሄደው ይነግሯቸዋል።»

«ምን ብዬ?»

«መናገር ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ድምፅዋ አልተቆጣም። «አጭር ያድርጉት። ዓይን ዓይናቸውን እያዩ።»

ገዢ መጣባት፤ ዞራ ትመዝንለት ጀመር። እኔም ሄድኩ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። የምላቸውን ጽፌዋለሁ፤ አራት አረፍተ ነገር ነው። አልታመመችም፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ የሚል ነው በአጭሩ። አንዴ ብቻዬን ጮክ ብዬ ላነበው ሞክሬ ሁለተኛው ላይ አቆምኩ። መጀመሪያ ክረምት ነው አልኩ፤ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው መኪና ይይዛል። ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፤ ይህስ እውነት ነበር። አሁን መንገዱ ደርቋል፣ ጉልበቴም ተሽሎታል። ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ «ሄዱ?» ትለኛለች። «ገና ነኝ» እላታለሁ። መዝና ትሰጠኛለች።

መጋቢው ሁለተኛ ዙር ሥልጠና ይጀምሩልን ብሎኝ ጀምሬያለሁ። ጣሳውን አልወሰድኩም። መስታወቱን ግን አላስቀረሁትም፤ በምን እንደምተካው አላውቅም። ለሃረና ሰው እስካሁን አልተላከም።

ሾፌሩን አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። የመንደሩ ሰዎች ሲያገኙት ተሽሏት ይሆን ብለው ይጠይቁታል፤ አላውቅም እንደሚላቸው ነገረኝ። እሁድ እሁድ ተሰብስበው ከመበተናቸው በፊት አሁንም ስለ ጉሮሮዋ ይጸልያሉ።